አልገባ ያለው ሦስተኛ ማርሽ

ሰኞ 3

እኔ ሁለት ዐይኔን ጨፍኜ ሞተር ፈትቼ መግጠም የምችል ሰው ነኝ። እርግጥ ሁለቱንም ጨፍኜ አልሞከርኩም። አንዱን ግን ጨፍኜ ፈትቻለሁ፤ ቅባት ገብቶበት ነበር። ስገጥም ደግሞ ሁለት ቡሎን ተርፎኛል፤ መኪናው ግን እስከ ዛሬ ይሄዳል።

የማታ ትምህርት መምህርታችን፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን፣ በመጨረሻው ቀን "የተማራችሁት እንዳይጠፋባችሁ የዋላችሁበትን ጻፉ" ብላ ለያንዳንዳችን ደብተር አደለችን። ለእኔ ስትሰጠኝ "ለእርስዎ እንኳ አንድ አይበቃዎትም" አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔ እንደ ምርቃት ቆጥሬ ተቀበልኳት። ሚስቴ ደግሞ ደብተሩን አይታ "በአፍህ ያልጨረስከውን በእጅህ ልትጨርሰው ነው?" ብላለች።

የዋልኩት ጋራዤ ነው። የምጽፈው ግን የትናንቱን ነው። ትናንት የዘንድሮ የመጀመሪያው ውድድር ነበር። አውሮፕላን ማረፍ ያቆመበት አሮጌ ሜዳ ላይ ብርቱካናማ ኮን ይደረደራል፤ ትንንሽ መኪኖች በኮኖቹ መሀል እየተጠማዘዙ ይበራሉ፤ ኮን ሳይነካ ቶሎ የጨረሰ ያሸንፋል። እዚያ ታናሽ ወንድሜ ይነዳል፣ እኔ እሠራለሁ። አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ማርሽ መቀየርን እንኳ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነው ያስተማርኩት፤ እኔ ፍሪሲዮን እረግጣለሁ፣ እሱ ይቀይራል። መኪናዋን "ቁንጫ" ነው የምንላት። ትንሽ ናት፣ ትዘላለች፣ ልያዝሽ ቢሏት አትያዝም። ያገኘናቸውን ዋንጫዎች ብዛት አልናገርም፤ ጉራ ይመስላል። ሚስቴ ማንኪያና ሹካ ታስቀምጥባቸዋለች፤ ማንኪያና ሹካው አልቆ ዋንጫው ተርፏል።

ትናንት ስድስተኛ ወጣን። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ሲያሳልፍ ካምቢዮው፣ የማርሹ ሳጥን፣ ጥርሱን አፋጨ፤ ሜዳው በሙሉ ሰማው። ደገመ፤ አልገባም። እስኪገባለት ድረስ ሌላው ጨርሶ ውሃ ይጠጣል።

ሲወርድ "ማርሹ ነው ጋሼ" አለኝ።

"ማርሹ መሆኑን ከሜዳው ማዶ ሆኜ ሰምቻለሁ።"

"ምን ይሻላል?"

"እኔ እያለሁ ምን ይሻላል ይባላል?"

ሳቀ። እሱ ሲስቅ የከበደ ነገር ሁሉ ቀላል ይመስላል።

ሐሙስ 6

ዕቃ ሻጩ ዘንድ ሄድኩ። ፊደል ከቆጠርኩ ወዲህ "ፕሮፌሰር" ይለኛል። ከበሩ በላይ የተጻፈውን ጮክ ብዬ አነበብኩለት፦ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።" ስንት ዓመት በዚያ በር ስገባ ምን እንደሚል አላውቅም ነበር። ስንት ዓመት ዕቃ ስመልስ ኖሬያለሁ።

አጭር ማርሽ የሚሉት ነገር አለው። የማርሹን ዘንግ አውጥተህ በቦታው ትተክለዋለህ። ፋብሪካው የሠራው ስንዝር ሙሉ ተጉዞ የሚገባ ከሆነ ይሄኛው በጣት ርዝመት ይገባል። ለውድድር የተፈጠረ ነው።

"ግን ይከብዳል" አለኝ። "መንገዱ ባጠረ ቁጥር ጉልበት ይጠይቃል፤ ታውቀዋለህ።"

"እኔን ልታስተምር ነው?"

"ስለ አንተ አይደለም የማወራው፤ ስለ ወንድምህ ነው።"

"ወንድሜ ካምቢዮ በአንድ እጁ አንጠልጥሎ የሚቆም ሰው ነው።"

"ነበር" አለና ዕቃውን በአሮጌ ጋዜጣ መጠቅለል ጀመረ።

ነበር ማለት ምን ማለት ነው? አንድ ቀን ስድስተኛ ስለወጣ ሰው ነበር ይባላል? ጋዜጣውን እየሄድኩ አነበብኩት፤ የአየር ሁኔታ ነው፣ ያውም ያለፈበት።

ቅዳሜ 8

ገጠምኩት። ሦስተኛ ጠቅ ብሎ ይገባል። እንደ ጥሩ በር ነው። ራሴን ባመሰግን ደስ ይለኝ ነበር፤ ሚስቴ ግን እስካሁን ራስህን ያመሰገንከው ለዘንድሮ ይበቃል ትላለች።

ወንድሜ መጣ። ሰላም ሲለኝ ክርኑን ሰጠኝ።

"እጅህ ምን ሆነ?"

"ቅባት ነክቶት ነው።"

ቅባት የነካሁ እኔ ነኝ፤ እሱ ከቤቱ ነው የመጣው። "ሰው ሀብታም ሲሆን መጀመሪያ የሚደብቀው እጁን ነው" ብዬ ቀለድኩበት። መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ማርሹን ሞከረ። ከትከሻው ጀምሮ ነው የሚገፋው፤ መላ አካሉ አብሮ ይሄዳል።

"በእጅህ ቀይር እንጂ፤ ምን ያስጨፍርሃል?"

"ይሄማ በጣም ተሻለ ጋሼ" አለ። ግንባሩ ላይ ላብ ነበር። ጋራዡ ጥላ ነው፣ ብርድ ብርድ ይላል። የደስታ ላብ ነው።

ሰኞ 17

ትናንት ሁለተኛው ውድድር ነበር። ስምንተኛ።

ሦስተኛ ዛሬም እንቢ አለ። ትናንት ማለቴ ነው። ጭራሽ ባሰበት። ግራ መታጠፊያው ላይ ሁለት ኮን ገጭቶ አንዱን ከመኪናዋ ሥር ጎትቶ ጨረሰ፤ እንደ ሙሽራ ቀሚስ ከኋላ እየተጎተተ። ሰው ሳቀ። ወንድሜም ሳቀ። እኔም ልስቅ ሞክሬ ነበር።

ከውሃው በርሜል አጠገብ ሁለት ነጂዎች ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ያወራሉ።

"ጠጥቶ ነው እንዴ?"

"አረማመዱን አላየህም? እግሩን ይጎትታል እኮ። ጠዋት ይጀምረዋል መሰለኝ።"

ወንድሜ መጠጥ በአፉ አይዞርም። ሁለቱንም አንገታቸውን አንቄ ይቅርታ አስባልኳቸው። ማለቴ "ወሬኞች" ብያቸዋለሁ፤ ያውም ትንሽ ከራቅኩ በኋላ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ማርሹን አሳጥሬ ወገቧን እንደላላ ተውኩት። መኪናዋ መታጠፊያ ላይ ስታጋድል ነጂውም ያጋድላል፤ ሲያጋድል እጁ ማርሹን ይስታል። ይሄ ለጨቅላ ግልጽ ነው። እንዴት አላየሁትም? የሰውን መኪና ሳይ የራሴን አላየሁም።

ረቡዕ 19

ሞላ፤ አራቱም ተቀየረ። አጭርና ጠንካራ። ቁንጫ መሬት ልትስም ደርሳለች።

ጎሚኒ፤ በብረቱና በብረቱ መሀል ያሉትን ላስቲኮች ሁሉ አውጥቼ ጠንካራ ፕላስቲክ አገባሁ።

ከፊት ጎማ ወደ ፊት ጎማ የሚጋደመው ዘንግ፤ በወፍራም ተተካ።

ምሳ አልበላሁም። ሚስቴ ደጋግማ ደወለች። ሳነሳው "ሞተሃል?" አለች። "ገና ነኝ" አልኳት።

እጄ ተላጧል።

ሐሙስ 20

ሞከርኳት። ድንጋይ ሆናለች። ሳንቲም ብትረግጥ ስንት ሳንቲም እንደሆነ በወገብህ ታውቃለህ። ካጠፏት ወዴት ብላ አትጠይቅም፣ ትታጠፋለች። መሪው ከብዷል። ይክበድ። ጠንካራ መኪና የምትወደው ጠንካራ ነጂ ነው።

ቅዳሜ 22

ወንድሜ ቤት ምሳ ተጠራን። በር ሲከፍትልን ሸሚዙ ተቆልፎ የእጅጌው ቁልፍ ክፍት ነበር። ሚስቱ ከኋላው ደረሰችና "ቆይ" ብላ ቆለፈችለት፤ እሱም እንደ ተማሪ እጁን ዘርግቶ ጠበቃት።

"ታደልክ" አልኩት። "እኔን ሚስቴ የምትቆልፈኝ በሩን ነው፣ ከውጭ ሆና።"

ሳቁ። ሚስቴ አልሳቀችም። ቀልዱ ስለ እሷ ስለሆነ ነው።

ሾርባውን በግራ እጁ ይጠጣል።

"መቼ ነው ግራኝ የሆንከው?"

"ልምምድ ነው ጋሼ። ሁለቱ እጆቼ እኩል እንዲሆኑ።"

ይሄ ብልህ ነገር ነው። ለምን እኔ አላሰብኩትም? ቤት ስገባ እኔም በግራዬ ሞከርኩ፤ ግማሹን ሸሚዜ ጠጣው።

ስንመለስ መንገድ ላይ ሚስቴ፦

"አየኸው?"

"ምኑን?"

"እጁን። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሀል ያለው ሥጋ የት ሄደ?"

"ከስቶ ነው። ውድድር ሰው ያከሳል።"

"ሰው በአንድ እጁ ብቻ ይከሳል?"

ሬዲዮኑን ከፍ አደረግኩት። ስለ ከብት መኖ ያወራ ነበር። ቤት እስክንደርስ ስለ ከብት መኖ ሰማን።

ሰኞ 1

አዲስ ወር። በዚህ ወር ቀልድ እቀንሳለሁ።

ትናንት ሦስተኛው ውድድር ነበር። አልጨረስንም። ቀኝ መታጠፊያው ላይ መሪው ከእጁ አመለጠ፤ ቁንጫ ዞራ ዞራ ፊቷን ወደ መጣችበት አድርጋ ቆመች። ማንም አልተጎዳም። ሮጬ ደረስኩ። በመስኮት ሳየው ቀኝ እጁን በግራ እጁ ይዞ ተቀምጧል፤ ሰው የሌላ ሰው እጅ እንደሚይዝ።

"ጋሼ፣ ከበደኝ" አለ።

"ምኑ?"

ወደ ፊት አየ። ከዚያ "ማርሹ" አለ።

"ፈትቼ ሞርጄ አቀልልሃለሁ።"

"እሺ ጋሼ።"

እሺ ሲለኝ ሕፃን ሳለ የመረረ መድኃኒት ስሰጠው ይል እንደነበረው ነው። እኔን ደስ እንዲለኝ።

ሰው ሲበተን ኮኖቹ ገና አልተነሱም። ራሴ ገባሁና ነዳኋት። እኔ ነጂ አይደለሁም፤ ሆዴ መሪውን ይነካል፣ ሲታጠፍ አብሮ አይታጠፍም። ማርሹ ግን ገባ። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፤ አንዴም አልፋጨም። አንድም ኮን አልነካሁም።

የማቆሚያ ሰዓቱን የምትይዘው የወንድሜ ሚስት ናት። ስወርድ ሰዓቱን አየች።

"ስንት ነው?" አልኳት።

"ሳልጫነው ቀረሁ" አለችና ወደ ዜሮ መለሰችው።

ተጭናዋለች። ድምፁን ስጀምርም ስጨርስም ሰምቻለሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከወንድሜ ፈጠንኩ ብዬ ዓመት እጎርርበት ነበር። ትናንት ማታ ግን ጭራሽ ለሚስቴም አልነገርኳት።

ረቡዕ 3

የካምቢዮውን ዘይት አፈሰስኩት። የተበላ ካምቢዮ ዘይቱ ውስጥ የብረት ብናኝ ይተዋል፤ ማግኔት ስትከትበት ጺም አብቅሎ ይወጣል። ከተትኩ። ንጹሕ ወጣ። ማግኔቱ ሞቶ ይሆናል ብዬ በቡሎን መፍቻዬ፣ በቺያቬ፣ ሞከርኩት፤ ቺያቬውን ከእጄ ነጠቀኝ። ዳግመኛ ከተትኩ። ንጹሕ።

ካምቢዮውን አወረድኩት። በተንኩት። ጥርሶቹን አንድ በአንድ በጣቴ ዳሰስኩ። የሦስተኛው ማርሽ ጥርስ ከእኔ ጥርስ ይሻላል።

መኪናዋ ምንም የላትም።

መካኒክ ከሆንኩ ጀምሮ መኪና ብልሽት እንዲገኝባት የለመንኩት ዛሬ ብቻ ነው። ለምን እንደለመንኩ ደግሞ አልጽፍም። እጄ ደክሟል።

ሐሙስ 4

የወንድሜ ሚስት ብቻዋን ጋራዥ መጣች። ካምቢዮው ጠረጴዛው ላይ ተበትኖ ነበር። ጎማ ላይ ጨርቅ አንጥፌ አስቀመጥኳት።

"ይሄን ሁሉ ፈቱት ጋሼ?"

"ፈታሁት።"

"ይግጠሙት።"

"ብልሽቱን ሳላገኝ?"

"ብልሽት የለውም። እርስዎም ያውቁታል፤ ባለፈው እሑድ ነድተዋታል።"

ዝም አልኩ። እኔ ዝም ስል ሰው ይደነግጣል፤ እሷ አልደነገጠችም።

የነገረችኝን ልጻፍ፤ ካልጻፍኩት ነገ አልሰማሁም እላለሁ። ሐኪሙ ነርቩ ነው ብሏል። ከአእምሮ ወደ ጡንቻ ትእዛዝ የሚያደርሰው ክር እየሞተ ነው። ክሩ ሲሞት ጡንቻው ትእዛዝ ያጣል፣ ይከሳል። ከእጁ ጀምሯል። እግሩ ጋ ደርሷል። ከዚያ ወደ ላይ ነው፤ ምላስ፣ ጉሮሮ፣ እስትንፋስ። ሌላ ሐኪም ጋ ሄዱ፤ ያው ነው ያላቸው።

"መድኃኒቱስ?"

"የለውም ጋሼ።"

"ውጭ አገርስ?"

"ውጭም የለም። ጠይቀናል።"

"ለሁሉም ነገር ዕቃ አለው" አልኩ። አፌ ነው ያለው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ካወቁ ቆይተዋል። ከመጀመሪያው ውድድር በፊት ነው ያወቁት። ታዲያ ማርሹ ነው ያለኝ ምን ሆኖ ነው አልኳት።

"እኔ እንንገራቸው ብዬ ነበር። እሱ ግን 'ጋሼ ቢያውቅ ምን ይሠራል? እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይችልበትም፤ ያብድብናል። መኪናዋ ናት ካልኩት ይፈታል። ከሚያለቅስ ይፍታ' አለኝ።"

"አሁን ለምን ነገርሽኝ ታዲያ?"

ቡሎን ከመሬት አንሥታ በእጇ አገላበጠችው።

"ማርሹ የእውነት ከበደው። መሪውም ከበደው። ከሜዳ በተመለሰ ቁጥር ክንዱን ማንሳት ያቅተዋል። ንገራቸው ስለው 'እንዲህ ለፍቶ የሠራውን እንዴት ከበደኝ እለዋለሁ' ይለኛል። የድሮውን ይመልሱለት ጋሼ። ይሄን ልለምንዎ ነው የመጣሁት።"

ዕቃ ሻጩ ነግሮኝ ነበር። እኔም አውቀው ነበር። ማርሹን ባሳጠርኩ ቁጥር ይከብዳል፤ ሞላውን ባጠነከርኩ ቁጥር መሪው ይከብዳል፤ ላስቲኩን ባወጣሁ ቁጥር መንገዱ በእጁ ላይ ይመታል። ወንድሜ የቀረችው ትንሽ ጉልበት ነበረችው። እሷን ደግሞ እኔ በቺያቬ ፈታሁበት።

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ። እሱስ ቢያንስ ለጅቡ በር አልከፈተም።

ዓርብ 5

ካምቢዮውን ገጠምኩ። ምንም ቡሎን አልተረፈኝም።

እሑድ 7

ለሚስቴ ነገርኳት። "አውቃለሁ" አለች።

"ማን ነገረሽ?"

"እጁ።"

ማክሰኞ 9

የገጠምኩትን ሁሉ ነቀልኩ። የድሮዎቹን ሞላዎች ከቆሻሻው ክምር ቆፍሬ አወጣኋቸው፤ ላስቲኮቹን ቦታቸው መለስኳቸው፤ ቁንጫ እንደ አሮጌ አልጋ ለሰለሰች። አጭሩን ማርሽ አወጣሁ። የፋብሪካውን ዘንግ ግን እንዳለ አልመለስኩትም። ብረት የሚቀርጹበት ቶርኖ ቤት ወስጄ በአንድ ስንዝር አስረዘምኩት። ዘንግ ሲረዝም ይቀላል። በጣት መያዝ ሳያስፈልግ በመዳፍ ብቻ ይገፋል። የሚጓዘው ሩቅ ነው፤ ይጓዝ። ማንም አያባርረን።

ሲታይ ያስቃል። የጭነት መኪና ማርሽ ቁንጫ ላይ። ዕቃ ሻጩ ሲያልፍ ገባና አየው። አልሳቀም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን አጭሩን ማርሽ አንሥቶ ኪሱ ከተተው።

"የተሸጠ ዕቃ አይመለስም አይልም እንዴ በርህ?" አልኩት።

"እሱን የጻፍኩት ለማላውቀው ሰው ነው" አለና ወጣ። ዛሬ ፕሮፌሰር አላለኝም። ቢለኝ በወደድኩ።

ቅዳሜ 13

ወንድሜ መጣ። ሚስቱ ናት ነድታ ያመጣችው። የፈረደበት ክርኑን ሰጠኝ፤ እኔም ክርኔን ሰጠሁት።

"አዲስ ነገር አስመጥቻለሁ" አልኩት። "ረጅም ማርሽ ይባላል። ውጭ አገር አሁን አጭሩን ሁሉም እየተወው ነው።"

ዘንጉን ከላይ እስከ ታች አየው። የብየዳው ቦታ ገና ሰማያዊ ነው።

"ከውጭ ነው የመጣው?"

"ከውጭ።"

"የት አገር ነው እንዲህ የሚበይዱት?"

"ድሀ አገር ነው።"

እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ አየኝ። እኔ የማላየውን አንድ ቡሎን ፍለጋ አጎነበስኩ።

"ነገረችህ አይደል?"

"ምኑን?"

"ምንም" አለ። "ይሄ ማርሽ ጥሩ ነው።"

በመዳፉ ገፋው፤ ገባ። ሁለተኛ። ሦስተኛ። መንገዱን ዳር ዳሩን ሁለት ጊዜ ዞሮ ተመለሰ። ዛሬ አላላበውም። "ቀላል ነው ጋሼ" አለኝ፤ ይሄን ሲል ድምፁ እንደ በፊቱ አልነበረም፤ ለእኔ ብሎ አልነበረም የተናገረው። ከጎማዎቹ ክምር ጀርባ ሄጄ ኪሴ ውስጥ ያለውን ቺያቬ ፈለግኩ። ብዙ ፈለግኩት።

ከወር በላይ ከሠራሁት ሁሉ የረባው የመጀመሪያውን መመለሴ ነው።

ዓርብ 19

ግራ እግሩ። ፍሪሲዮን የሚረግጥበት።

ፍሪሲዮኑን በግራ እጅ የሚሳብ ላድርገው ብዬ ሽቦና ማንሻ ገዛሁ። ሽቦውን ሳልዘረጋ ግራ እጁ ብርጭቆ ለቀቀ። ማርሽ የማይፈልግ ካምቢዮ ላስገባላት ብዬ ለካሁ፤ ይገባል፤ ግን መሪውን በምን ሊይዝ ነው? እኔ አንዱን ስገጥም እሱ ሌላውን ይፈታል። እሱ ያልኩት ወንድሜን አይደለም። የእሱ መሣሪያ አይታይም፣ ድምፅ የለውም፣ እሑድ አያርፍም። ከእኔ የፈጠነ መካኒክ ነው። ከእኔ የፈጠነ የለም ስል የኖርኩት ሰውዬ ይሄን ጻፍኩ።

ሽቦውን ሰቀልኩት።

ረቡዕ 24

"የመጨረሻው እሑድ ልንዳት" አለኝ። "ውድድሩን አይደለም። ሁሉም ከጨረሱ በኋላ። አንድ ዙር ብቻ፤ አንተ አጠገቤ ትሆናለህ።"

ምላሱ ቃል መጨረሻ ላይ ትንሽ ይጎተታል። ደክሞት ነው። አይ፤ ደክሞት አይደለም።

ሚስቱ ወደ እኔ አየች፤ እንቢ እንድል ነው። ሐኪሙ መኪና አይንዳ ብሏል።

"ኮን እኮ ነው" አላት። "ኮን ዘመድ የለውም፤ ብገጨው ማን ይከሰኛል?"

እሺ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ልክ ነበርኩ አልነበርኩም እያልኩ እገለባበጣለሁ። ሚስቴ "ልክ ብትሆንስ ምን ልትሆን ነው? ተኛ" አለች።

ሰኞ 29

የትናንቱን ልጻፍ።

ሌሎቹ ሲጨርሱ ማንም አልሄደም። እኔ ነበርኩ የነገርኳቸው፤ ሁለቱ ወሬኞች ጋ ሄጄ "ጠጥቶ አይደለም" ብዬ የሆነውን ተናገርኩ። አንደኛው ኮፍያውን አወለቀ። ሌላኛው ምንም ሳይል ሄዶ ኮኖቹን አንድ በአንድ ማራራቅ ጀመረ፤ ጓደኛውም ተከተለው። መንገዱ አውቶቡስ የሚያሳልፍ ሆነ። ወንድሜ አይቶ "ይሄማ ለጋሼ ሆድ ነው የተሠራ" አለ።

የወንድሜ ሚስት ሰዓቷን ይዛ ቆማለች፤ አልተጫነችውም። እኔ አጠገቡ ገባሁ። ቀስ ብለን ተነሣን። አንደኛ። የመጀመሪያዎቹ ኮኖች። ሁለተኛ ገባ፤ በመዳፉ ገፋው። ቁንጫ ለስላሳ ሆናለች፤ መርከብ ላይ እንዳለን እንወዛወዛለን። ከዚያ ረጅሙ ቀጥታ መንገድ መጣ፤ ሦስተኛ የሚገባበት። ወንድሜ ዘንጉን በሁለት ጣቱ ያዘው፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ብቻ፣ ትኩስ ብርጭቆ እንደሚያዝ አድርጎ። ገፋ አደረገው። ገባ። ምንም ድምፅ የለም። ሳቀ። በመስኮቱ የሚገባው ነፋስ ሳቁን ወሰደው፤ እኔ ግን ሰምቼዋለሁ። አንድም ኮን አልነካንም። ዙሩን ጨርሰን ስንቆም ቁልፉን ራሱ አጠፋው፣ በግራ እጁ።

ስወርድ ዕቃ ሻጩ ቆሞ ነበር።

"ሦስተኛ ገባለት?"

"በሁለት ጣት" አልኩት፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ።

"በሁለት ጣት?"

"በሁለት ጣት።"

ወንድሜ ከመኪናዋ ሳይወርድ ሰማኝ። ወደ መሪው አየ።

ማክሰኞ 30

ትናንት የጻፍኩትን ለሚስቴ አነበብኩላት። ሳልደናቀፍ ነው ያነበብኩት። ጥሩ ነው አለች። ከዚያ "በሁለት ጣት?" አለችና ወደ ወጥ ቤት ገባች፤ መልስ አልጠበቀችም።

ሁሉም ልክ ነው። ሳቁም ልክ ነው። ሁለት ጣት ያልኩት ግን ውሸት ነው።

ሦስተኛ ጋ ስንደርስ መዳፉ ዘንጉ ላይ ነበር። ሞከረ። አልሄደም። ሰው እንዳያይ ከመስኮቱ ዝቅ አድርጌ ግራ እጄን እጁ ላይ ጫንኩ። እሱ ከመንገዱ ዐይኑን አልነቀለም። ፍሪሲዮኑን በመላ አካሉ ረገጠና "አሁን" አለኝ። እኔ ገፋሁ። ከእጄ ሥር የነበረው እጅ አልገፋም፤ አልከለከለኝምም። ሞቅ ያለ ነበር።